የሐጂ አብዱልሰላም እጅጌ

ኢንስፔክተር ይታይሽ ደሴ ፒያሳ ከሐጂ አብዱልሰላም ግቢ ስትደርስ የኅዳር ጉም ገና አልተነሣም። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ነው። ሽማግሌው የጨርቅ ነጋዴ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አጠገባቸው የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያቸው፣ ኩስኩስቱ፣ ተደፍቷል። ሁለቱም እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል፤ ጥቅልሉም ልብስ ሰፊ የለካው ይመስል እኩል ነው።

ቀድሞ የደረሰው ሳጅን፣ «ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ አዳልጧቸው ነው» ብሎ ነገሩን ጨርሶታል። አብሯት የመጣው ሐኪም ግን አልጨረሰም። የሳሎኑ ደረጃ ጠርዝ ላይ ታጥቦ ያልጠራ ደም አገኘ። ሐጂ የሞቱት እዚያ ወድቀው ነው፤ ወደ ቧንቧው ያመጣቸው ሌላ ሰው ነው።

ሳጅኑ ሐሳብ ለመለወጥ አይሰንፍም። «እንግዲያው ልጅቱ ናት። ቤቱ ያደረችው እሷ ብቻ፤ የግቢው በርም አልተሰበረም» አለና ካቴናውን አወጣ።

«ኪስህ ክተተው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለችው ይታይሽ።

ኢንሻራህ የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷን የምታስታምመው እሷ ነበረች። «ወላሂ አልሰማሁም እትዬ! ሌሊቱን ሲያቃስቱ አብሬያቸው ነቅቼ፣ ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ምናቸውን ነበር የሚያማቸው?»

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ያን ቃል በዚያ ቤት ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም። «የአንጀት ካንሰር። አዲስ አበባ እየተመላለሱ መድኃኒቱን በደም ሥራቸው ይወስዳሉ። ከአራተኛው ዙር ወዲህ እጅ እግራቸው...»

ይታይሽ ቀሪውን ታውቀዋለች። ባሏ ሞላ በዚሁ በሽታ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ስትሰጠው ብርጭቆውን ጥሎ ሰበረው። «ንዴትህን በኔ ትወጣለህ?» ብላ ጮኸችበት። መድኃኒቱ ነርቩን ጎድቶት ጣቱ እንደሚደነዝዝ፣ ቅዝቃዜም እንደ ኤሌክትሪክ እንደሚነዝረው የሰማችው ኋላ ከሐኪሙ ነው። ያ ብርጭቆ እስከ ዛሬ በጆሮዋ ይሰበራል።

ወደ ሐጂ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው አጠገብ የሱፍ ጓንት ወልቆ ተቀምጧል። ከጎኑ ሳሕን አለ፤ ሳሕኑ ላይ የተነፋ ደረቅ አፈር።

«የተየሙም ነው» አለች ኢንሻራህ። «ውኃው ቢያሠቃያቸው ሸኹ በውኃ ፈንታ በንጹሕ አፈር መታበስ ይበቃዎታል አሏቸው። አፈሩን እንየው ነው ከገራዶ የሚያመጣላቸው።»

እንየው በሐጂ ሱቅ ሃያ ዓመት ያገለገለ ክርስቲያን ነው። በር ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«ለሶላታቸው አፈር የምትዝቅላቸው አንተ ነህ?»

«ምን አለበት እትዬ? እሳቸውስ ለጥምቀት አዲስ ልብስ ያለብሱኝ አልነበር? እግር ያልረገጠው ቦታ ፈልጌ፣ በወንፊት ነፍቼ ነው የማመጣው።»

ረፋድ ላይ የበኩር ልጃቸው ኢምራን ከኮምቦልቻ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ያለ አባቱ ፈቃድ አግብቶ ከተጣሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀይ የሆኑ ጣቶቹን እፍ እያለ ያሞቃል።

«አባትህ እንዴት የሞቱ ይመስልሃል?»

«ውዱእ ሲያደርጉ ነዋ! በውርጭም ቢሆን በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚታጠቡት።»

«ሕመማቸውንስ ታውቃለህ?»

«ሆዳቸውን ያማቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።»

ይታይሽ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ኢንሻራህ እንደነገረችኝ ሐጂ ከሁለት ወር ወዲህ ቀዝቃዛ ውኃ አልነኩም» አለች። «ጣታቸው ደንዝዞ የልብስ ቁልፍ መፍታትም አይሆንላቸውም፤ እጅጌያቸውን የምትቆልፍና የምትፈታላቸው ኢንሻራህ ናት። ስለዚህ እጅጌያቸውን የጠቀለለውም፣ ኩስኩስቱን አጠገባቸው ያኖረውም ሌላ ሰው ነው።»

«ልጅቱ አትሆንም?» አለ ሳጅኑ።

«እሷ ብትሆን ወደ ቧንቧው ምን አስጎተታት? ደረጃው ላይ ትታቸው ‹እግራቸው ደንዝዞ ወደቁ› ብትል ማን ይጠረጥራታል? እንየውም ያው ነው፤ አፈሩን የሚያመጣ ሰው ኩስኩስት አያቀርብም። የውዱእ ነገር የመጣለት ሐጂን ጤነኛ ሳሉ ብቻ የሚያውቃቸው ሰው ነው።» ወደ ኢምራን ዞረች። «የድሮው የግቢ ቁልፍ ዛሬም ኪስህ ውስጥ አለ፣ አይደል?»

ኢምራን ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ልገድላቸው አልነበረም። ዓውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ልል ነው የመጣሁት። የሐረጎን ዳገት ስወጣ ቃሉን እያጠናሁ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ሰምተው ደረጃው ላይ ወጡ። ‹ኢምራን!› አሉኝ። ልስመው እጃቸውን ያዝኩ። እባብ እንደነካው ሰው ጮኸው ነጠቁኝ! ይህን ያህል ተጸይፈውኛል ብዬ... ገፋኋቸው።»

ይታይሽ ቀጥላ የምትጠይቀውን ባትጠይቅ በወደደች።

«ሌሊቱንም የመጣኸው በሞተሩ ነው?»

«አዎ።»

«ጓንት አድርገህ ነበር?»

«በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ማን ጓንት አለው?»

ኢንሻራህ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እጅህ ቀዝቅዞ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «እኔንም ሳላሞቀው አያስነኩኝም ነበር። አንተንማ፣ ሞተር ባለፈ ቁጥር ‹እሱ ይሆን?› ይሉ ነበር።»

ኢምራን መዳፎቹን ገልብጦ ተመለከታቸው። ሳጅኑ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። ብረቱ ሲነካው ኢምራን እጁን አልነጠቀም።