ግማሽ የተላጨ ራስ

ቅርርጭ፣ ቅርርጭ። ከጓሮ የሚሰማው የምላጭ ድምፅ ድንገት ቀጥ አለ።

«ቆረጥሽኝ እንዴ?» አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ አንገታቸውን እንደደፉ።

«አልነካሁትም፣ አባባ። ራሱ ነው የደማው።»

የአባቷን ራስ የምትላጨው ሥርጉት ናት፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ የሚያያቸው ሌላ ሰው የለም። አናታቸው ላይ ያለችውን ቁስል ለጥምቀት ስትላጫቸው «ምላጭ ነው» ብለው አልፈዋት ነበር። ለሁዳዴ መያዣም ነበረች። ይኸው ግንቦት ልደታ ደረሰ፤ ቅርፊቷ ይረግፋል፣ ትደማለች፣ መልሳ ቅርፊት ትይዛለች። ዳሯ ደግሞ እንደ ሰም እያብለጨለጨ ከፍ ብሏል። ምላጭ የቆረጠው እንዲህ አይከርምም።

«ሆስፒታል እንሂድ።»

«እምነት እቀባዋለሁ። ደሞስ ቄስ በሰው ፊት ጥምጥሙን ይፈታል? ይልቅ ጨርሽ።»

የባዮሎጂ መምህሯ፣ አልድን ያለ ቁስል ካንሰርም ሊሆን ይችላል ያሉት ትዝ አላት። ምላጩን በወረቀቱ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«ፍኖተ ሰላም ካልሄድን አልጨርሰውም።»

ታላቅ ወንድሟ ወንዳወቅ ከቤት ብቅ አለና ሳቁ አመለጠው። «አባባ፣ አጫጆቹ ጥለውት የጠፉ ማሳ መሰሉ እኮ! ሥርጉት፣ ዛሬ ተበላሽ!»

ቄሱ ግማሽ ራሳቸውን ዳበሱ። ቁጣቸው ሊመጣ ብሎ ሳቅ ቀደመው።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የእርስዎ!»

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ጥምጥሙ ሲፈታ ሐኪሟ ልትስቅ ነበር። ቁስሏን በአጉሊ መነጽር ስታያት ግን የሪፈር ወረቀት ጻፈች። ባሕር ዳር ላከቻቸው። እዚያ ቁስሏ ተቆርጣ ወጣች፤ ስትመረመርም የቆዳ ካንሰር ሆና ተገኘች።

«ሳትሰፋ ደርሳችሁባታል፤ አንድም የቀረ የለም» ሲባሉ ሥርጉት ኮሪደሩ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው። ዘበኛው ሙሽራ የመጣ መስሎት ሮጦ መጣ።

በሰንበቴው ቀን ቄሱ ዳቦውን ባርከው እንዳበቁ ጥምጥማቸውን ፈቱ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጠባሳቸውን አሳዩ።

«ሞቴ እዚህ ተቀምጦ ነበር። ይቺ ልጅ አየችብኝ።»

እልልታው ሲቀልጥ፣ ጥግ የተቀመጡት ጎረቤታቸው አያ ስመኘው እጃቸውን ከባርኔጣቸው ሥር ሰደዱ። አናታቸውን ዳበሱ፤ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆየ። ሥርጉት ዓይኗን አልነቀለችም።

አያ ስመኘው ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። የቤታቸውን መንገድ ትተው፣ ፍኖተ ሰላም ወደሚወስደው አስፋልት ቁልቁል ወረዱ።