መብራቱን የፈታው ማን ነው?

ብስክሌቱ ቦዩ ዳር በጎኑ ተጋድሟል። ደወሉ አለ። ቅርጫቱ አለ። ቅርጫቱ ውስጥ የምሳ ዕቃው አለ፤ ክዳኑ እንኳ አልተላቀቀም።

የፊት መብራቱ የለም።

ኡርሚላ ራሷ ቦዩ ውስጥ ነበረች። ከሹራብ ፋብሪካው ከኋላዋ የወጡት ሴቶች ናቸው በማቃሰቷ ያገኟት። ቀኝ ጭኗ ተሰብሯል። ግንባሯ ተተርትሯል። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። በሕንዷ ሉድሂያና ከተማ በዚህ ወቅት ጭሱና ጉሙ ተጋግዘው ፀሐይን ያለ ሰዓቷ ያባርሯታል።

"ያለ መብራት ነው ስትነዳ የነበረው" አለች ኢንስፔክተር ጃስቢር ካውር፣ ባዶውን የብስክሌት መሪ በባትሪ እያየች።

"ማን ነው ያለው?"

ጠያቂዋ ቢንዲያ ናት፤ የኡርሚላ ታናሽ እህት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። ምላሷ ግን ሠላሳ ሞልቶታል።

"ምስክር አለ። የፋብሪካው ካቦ፣ ትሪሎክ ቻንድ። ከበሩ ስትወጣ አይቷታል። መብራት አልነበራትም።"

"ነበራት! እኔ ነኝ የመረጥኩላት!"

"የታለ ታዲያ?"

"እሱን እንዲፈልጉ አይደል ኮከቡን ትከሻዎ ላይ የሰፉልዎ?"

ኢንስፔክተሯ ባትሪውን ቢንዲያ ፊት ላይ አበራች። "ስሚ፣ አንቺ ልጅ። መብራት ከሌለ ጥፋቱ የእህትሽ ነው። የገጫት ካለም በጨለማ አላየኋት ይላል፤ ያበቃል። ሰኞ ማታ መዝገቡን እዘጋለሁ። መብራት ነበረ ካልሽ አምጪው።"

ቢንዲያ ጥርሷን ነከሰች። የመጣላት መልስ ስለሚያሳስራት ነው።

* * *

መብራቱን የገዙት ከብስክሌት ዕቃ ሻጩ ከላላ ኦምካር ሱቅ ነበር፣ በቪሽዋካርማ በዓል ዋዜማ።

ኡርሚላ መጀመሪያ ያነሳችው ትልቁን ነበር። ስድስት አምፖል፣ ሲበራ ሱቁን ሁሉ ነጭ የሚያደርግ።

"ይሄንን!" አለች።

"ላላጂ፣ እስቲ እዚያ ኮሪደሩ ጫፍ ይቁሙልኝ" አለች ቢንዲያ።

ሽማግሌው ሄደው ቆሙ። ቢንዲያ መጋረጃውን ጣለችና ስድስቱንም አምፖል ፊታቸው ላይ ለቀቀችው።

"ኧረ ልጄ! ኧረ ዓይኔን!"

"ምን ይታይዎታል?"

"ምንም! እናቴን ብታመጫትም አላያት!"

"አየሽ እትዬ? ይሄ የሠርግ መብራት ነው። ከፊትሽ የሚመጣው ሰው ይታወርና አንቺው ላይ ይወጣል። ጉድጓዱ ያለው መሬት ላይ ነው፤ ይሄ የሚያበራው ለአሞራ ነው።"

ሁለተኛው ቀጭን ነበር፤ እንደ ዱላ ወደ ፊት ብቻ ይወረወራል። ከጎን የሚገባ ውሻ አያሳይም። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ ግን በላስቲክ ነው የሚታሰረው። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እስክትገዢ ድረስ ነቅለውት ይሄዳሉ።

አራተኛውን ሲያበሩት ብርሃኑ መሬቱ ላይ ሰፋ ብሎ ተነጠፈ፣ ልክ እንደ ምንጣፍ። ከላይ በኩል በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ከላላጂ ደረት በላይ አልወጣም።

"አሁንስ?"

"አንቺንም አይሻለሁ፣ እህትሽንም አያታለሁ፣ ያልጠረግሁትን ወለልም አያለሁ" አሉ ላላጂ።

"ይሄ ነው። በብሎን ይታሰርልን። በደንብ ይጥበቅ።"

ላላጂ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቀይ ቁራጭ ቀድደው ከማሰሪያው ሥር ጠቀለሉ፣ እንዳይንሸራተት። ከዚያ በአሥር ቁጥር ቺያቬ አጠበቁት።

በማግስቱ በዓሉ ነው። በዚያ ቀን ሉድሂያና ውስጥ መሣሪያ አይሠራም፤ ይከበራል እንጂ። ማሽኑም፣ መቀሱም፣ ብስክሌቱም ቀይ ዱቄት ይቀባል፣ የተባረከ ቀይ ክር ይታሰርለታል። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ካቦ ትሪሎክ ጣፋጭ እያደለ ሳለ የኡርሚላ ተራ ሲደርስ ክሩ አጠረ። እሷም ከማሽኗ የተረፈ ብርቱካንማ ሱፍ ቀጠለችበትና ገምዳ መብራቱ አንገት ላይ አሰረችው።

"ሙሽራው ሻሽ አሰረ!" ብለው ሴቶቹ ሳቁባት።

ሁሉም አዩት። ትሪሎክም አየው። እሱ የለም ካለ ግን ከሴቶቹ ማን ደፍሮ አለ ይላል?

* * *

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኡርሚላ ሆስፒታል ውስጥ አፏን ፈታች።

"ነጭ ብርሃን ነው የመጣብኝ። በእኔ መስመር፣ ፊት ለፊት። ዓይኔ ጠፋ። ከዚያ ቦዩ ውስጥ ነኝ።"

"ፊቱን አላየሽም?"

"ዓይኔ ውስጥ የነበረው ነጭ ብቻ ነው። ግን ቆሟል፣ ቢንዲያ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሰው መጣልኝ ብዬ ውኃ አልኩት። መልስ የለም። ብረት ለብረት ሲነካካ እሰማለሁ። ቂው፣ ቂው። እኔ ውኃ እላለሁ፣ እሱ ቂው፣ ቂው። ከዚያ አስነስቶ ሄደ።"

ቢንዲያ ደሟ ፈላ። ገጭቶ መሸሽ አንድ ነገር ነው። ፈሪ ብለህ ትሰድበዋለህ። ይሄኛው ግን ሰው እግሩ ሥር እያቃሰተ ብሎን ሲፈታ ነበር!

ያን ጊዜ ነው ካቦ ትሪሎክ ሙዝ ይዞ የገባው። አለባበሱ ጥንቅቅ ያለ፣ ግንባሩ ላይ የጸሎት ምልክት ያለበት ሰው ነው።

"አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል" አለ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የፋብሪካውን ደንብ ግን ታውቂዋለሽ። ማታ ያለ መብራት የነዳች ሥራዋን በገዛ እጇ ለቀቀች ማለት ነው። መዝገቡ ሰኞ ሲዘጋ እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ?"

"ሙዙን መልሶ መውሰድ ይችላሉ" አለች ቢንዲያ።

"ባለጌ!"

ጥሎት ሄደ። ቢንዲያ ሙዙን በር ላይ ለቆመችው ላም ሰጠችው።

* * *

እሑድ መጀመሪያ የሄደችው ቆራሌው ጋ ነው። ከቆርቆሮው ክምር ላይ የብስክሌት መብራት ስታይ ሳታስብ አንገቱን አነቀችው።

"ከየት አመጣኸው? ተናገር!"

"ልቀቂኝ አንቺ ጅብ! ገልብጠሽ እዪው፣ የላስቲክ ነው!"

ገለበጠችው። እውነትም የላስቲክ ነው።

"ደግሞስ" አለ ቆራሌው ኮሌታውን እያቃና፣ "ብስክሌት የሚያህል ብረት ሜዳ ላይ ትቼ መብራት ብቻ የምሰርቅ ሞኝ እመስልሻለሁ?"

ቢንዲያ መብራቱን ክምሩ ላይ መለሰችው።

ልክ ነው። ብሎን ለመፍታት ጊዜ ያገኘ ሌባ ብስክሌቱን ይዞ ይሄዳል። ይሄ ሰው ሌብነት አልነበረም ፍላጎቱ። መብራቱ እዚያ እንዳይገኝ ነው የፈለገው። መብራት ከሌለ ደግሞ ነፃ የሚወጣው የገጫት ነው። ለዚያ ነው የፈታው!

"ይቅርታ" አለችው።

"አንገቴን ጠይቂው" አለ።

ቺያቬውን ተከትላ ሰው ልታገኝ ሞከረች። ከንቱ ድካም ነው። ሉድሂያና ብስክሌት የሚወለድበት ከተማ ነው፤ የአሥር ቁጥር ቺያቬ የሌለው ሰው ከፈለግሽ ጥርስ የሌለው አንበሳ ፈልጊ። ላላጂን ሳይቀር በጥርጣሬ አየቻቸው። እሳቸው ግን ዓርብ ምሽት ጉልበታቸውን ይዘው ክሊኒክ ነበሩ፤ ሐኪሙም አረጋገጠላት። ነገሩ ሁሉ ግድግዳ ሆነባት።

ግድግዳውን ያፈረሰችው ነርሷ ናት። ሰኞ ጠዋት መርፌ ለመትከል ከኡርሚላ የእጅ አንጓ ላይ በበዓሉ የታሰረላትን የተባረከ ቀይ ክር በመቀስ ቆረጠችው። የቆሻሻው ቅርጫት እግሯ ሥር ነበር። አልጣለችውም። አጥፋ ቢንዲያ መዳፍ ውስጥ አኖረችው።

"ይሄ መሬት አይወድቅም። እንደ ልማዳችን ዋርካ ላይ እሰሪው።"

ቢንዲያ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

መብራቱም ላይ እኮ ክር ነበር! ብርቱካንማ ያለበት፣ ሁሉም የሚያውቀው ክር። መብራቱን የወሰደ ሰው መጀመሪያ የሚፈታው እሱን ነው። ፈትቶስ የት ይጥለዋል? እንደ ማንኛችንም ከሆነ፣ ሰው ቦይ ውስጥ ይጥላል እንጂ ክር ቦይ ውስጥ አይጥልም።

ፋብሪካው በር አጠገብ ባለው ዋርካ ግንድ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ቀይ ክር ተጠምጥሟል። ቢንዲያ በጣቷ እየለየች ዞረች። በሰው ትከሻ ከፍታ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ በሚያምር ቋጠሮ ታስሮ አገኘችው።

ቀይ። ብርቱካንማ። ቀይ። ብርቱካንማ።

"እማማ ካላዋቲ" አለች ዛፉ ሥር አበባ ወደሚሸጡት አሮጊት ዞራ። "ይሄንን ማን ነው ያሰረው?"

"ያንን ዥንጉርጉሩን? ካቦው ነዋ። ቅዳሜ በማለዳ። የዘይት ኩራዝ አበራ፣ ዛፉን ዞረ፣ አለቀሰም መሰለኝ። ደግ ሰው ነው።"

"አዎ" አለች ቢንዲያ። "ሙዝም ያመጣል።"

* * *

ሰኞ አመሻሽ ላይ ትሪሎክ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ክሩ ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኡርሚላ ስታስረው የሳቁት ሁለት ሴቶች በር ላይ ቆመዋል።

"ይሄን ክር ያውቁታል?"

"ክር ክር ነው።"

"ዋርካው ላይ ያሰሩት እርስዎ ነዎት?"

"መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት። እንዳይረገጥ አነሳሁት። ኃጢአት ነው?"

"የት መንገድ ላይ?"

"ቦዩ... ፋብሪካው በር ላይ።"

"ስኩተርዎ የፊት ጭቃ መከላከያው አዲስ ነው። የድሮው የት ሄደ?"

"አርጅቶ ነበር።"

"ስኩተሩ ላይ ስድስት አምፖል ያለው መብራት ማስገጠሙንስ ማን ፈቀደልዎ?"

"ጉም ነው፤ ሁሉም ያስገጥማል!"

ኢንስፔክተሯ ክሩን በጣቷ ገለበጠችው። ቢንዲያን ያመነች ትመስላለች፤ ግን ክር ይዞ ሰው ማሰር ይከብዳል። ትሪሎክ ሸሚዙን አስተካከለ። "ለአንዲት ስድ ልጅ ወሬ የተከበረ ሰው..."

ያኔ ነው በተከፈተው በር ብርሃን የገባው።

ከግቢው ውጭ አንድ ብስክሌት እየመጣ ነበር። ብርሃኑ ማንም ዓይን ውስጥ አልገባም። ጠጠሩ ላይ ሰፍቶ ተነጠፈ፣ ልክ እንደ ምንጣፍ። ከላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

ቢንዲያ ይሄንን ብርሃን ከሺህ መሀል ትለየዋለች። እሷ ናት የመረጠችው።

ሮጣ ወጣች። ነጂዋ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለች ልጅ ናት፤ ማንሲ፣ የትሪሎክ ልጅ። ከማታው ጥናት ስትመለስ አባቷ ጣቢያ መጠራቱን ሰምታ እራት ይዛለት መምጣቷ ነው።

"መብራቱን ማን ሰጠሽ?"

"አባዬ። ቅዳሜ ገዛልኝ። ምነው?"

ኢንስፔክተሯ ተከትላ ወጥታ ጎንበስ አለች። ከማሰሪያው ሥር ቀይ የካላማዳሪያ ቁራጭ አለ። መብራቱ ተወልውሏል፤ ብሎኑ ጥርስ ውስጥ ግን ቀዩ ዱቄት አሁንም አለ።

ትሪሎክ በሩ ላይ ቆሞ ልጁን አየ።

"ቸኩዬ ነበር" አለ። "መንገዱን ስለሚያሳጥርልኝ በእሷ መስመር መጣሁ። ስኩተሩ የፋብሪካው ነው። በዚህ ዓመት ሌላ ሰው ከነካህ ትባረራለህ ተብዬ ነበር። መብራት ከሌላት ጥፋቱ የእሷ ይሆናል ብዬ..."

"ውኃ ስትልህ ሰምተሃል?" አለች ቢንዲያ። አንቱታው ቀርቷል።

ትሪሎክ ከልጁ ፊቱን አዞረ።

"ሰምተሃል ወይ?!"

"ሰምቻለሁ።"

"ለምን ታዲያ መብራቱን ቦዩ ውስጥ አልጣልከውም?" አለች ኢንስፔክተሯ። "ክሩ ተፈቷል፤ ማን ያገኝህ ነበር?"

"አዲስ እኮ ነው" አለ ትሪሎክ፣ መሬት መሬት እያየ። "ልጄ በጨለማ ነው የምትመጣው።"

"እህቴም በጨለማ ነበር የምትመጣው!"

ቢንዲያ ጩኸቷ የግቢውን ውሾች ቀሰቀሰ። ፖሊሶቹ ወገቧን ባይዟት ኖሮ ያ ግንባሩ ላይ ያለው ምልክት በጥፍሯ ይለቅ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ቺያቬ አስመጥታ መብራቱን ፈታች። ቂው፣ ቂው። ማንሲ ድምፁን እየሰማች ታለቅሳለች። አባቷን ወደ ውስጥ አስገቡት።

"መዝገቡ አይዘጋም። ለፋብሪካውም እኔው እጽፋለሁ፤ እህትሽ ሥራዋ ላይ ናት" አለች ኢንስፔክተሯ። "አንቺም ላይ... አጥፍቻለሁ።"

"አዎ፣ አጥፍተዋል" አለች ቢንዲያ።

ስትወጣ ማንሲ በር ላይ ቆማለች፤ ብስክሌቷ ባዶ መሪውን ይዞ። መንገዱ ጥቁር ነው። ጉሙ ወርዷል። ቤቷ ከቦዩ ማዶ ነው።

ቢንዲያ በራሷ ብስክሌት ላይ ወጣች። መብራቷን አበራች። ሁለቴ ረገጠችና ቆመች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

"ምን ይገትርሻል? ተከተይኝ።"

"እኔ አላወቅሁም ነበር..."

"አታናግሪኝ!" አለች ቢንዲያ። "ብቻ ከመብራቴ እንዳትወጪ።"