ተጠባባቂዋ

«አጥብቀሽ እሰሪው እንጂ! ስሮጥ ሊፈታብኝ ነው» አለች ትልቋ።

ትንሿ የእህቷን ፀጉር ሰብስባ በላስቲክ ጠፈረችው። የቴኒስ ክለቡ ሰው ሁሉ ሁለቱን እህትማማቾች የሚጠራቸው «ትልቋ» እና «ትንሿ» እያለ ነው። ትልቋ ቀኝ እጇን ከአንገቷ በላይ ማንሳት ካቃታት ሰንብታለች። ፀጉሯን የምታስርላትም፣ ሹራቧን የምታወልቅላትም ትንሿ ናት። ይህን ከሁለቱና ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ነገ ጨዋታው ላይ ኳሱን ከአናትሽ በላይ ሰርቭ የምትመቺው በምንሽ ነው? በጥርስሽ?»

«ማደንዘዣ እወጋለሁ።»

«ሐኪሙ ከተጫወትሽበት የትከሻሽ ጅማት ይበጠሳል አላለሽም?»

«አንቺ ብቻ አፍሽን ዝጊ!»

ከመልበሻ ክፍሉ ውጪ ሬዲዮ ይጮኻል። የአገሩ ተጫዋቾች በሙሉ በዓለም አቀፉ ውድድር ማጣሪያ ወድቀው የቀረችው ትልቋ ብቻ ናት፤ እሷም የገባችው ለአዘጋጁ አገር በሚሰጠው አንድ ቦታ ነው። ጋዜጠኛው ግን «ልጃችን ሩብ ፍጻሜ ትገባለች» እያለ ይምላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ትንሿ ሬዲዮውን ብትሰብረው ደስ ባላት።

«ለአሰልጣኙ ንገሪው። ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ» አለች።

ትልቋ ዞራ አየቻት። «ገብቶኛል። እኔ ከወጣሁ ተጠባባቂዋ ማን ናት? አንቺ! ቦታዬን ፈልገሽ ነው። ሰውም እንደዚያ ነው የሚልሽ።»

ትንሿ ደሟ ፈላ። ራኬት አያያዝ ያስተማረቻት እህቷ ናት ይህን የምትላት! ማበጠሪያውን መሬት ላይ ወርውራ ወጣች። ይበልጥ ያበገናት ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ውሸት አለመሆኑ ነው። ያን ቦታ ትፈልገዋለች። በዚያ ትልቅ ሜዳ ላይ ስትጫወት በሕልሟ ሳይቀር አይታዋለች። እህቷ ይህን ስለምታውቅ ነው አፏን የለጎመችባት።

አሰልጣኙ ቢሮው ውስጥ የራኬት እጀታ ይጠቀልላል።

«ጋሼ፣ ከተጠባባቂነት ያውጡኝ።»

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። መጀመሪያ ያውጡኝ፤ ከዚያ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«አብደሻል? ካንቺ ሌላ እኮ ያገር ልጅ የለንም! እህትሽ አንድ ነገር ብትሆን ቦታው ለውጪ ተጫዋች ነው የሚሄደው።»

«አውቃለሁ። ግን ካላወጡኝ አልናገርም።»

አሰልጣኙ ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ እያጉረመረመ ስልኩን አነሳና ስሟን እንዲሰርዙ ለአዘጋጆቹ ደወለ። ሊለምናት መሀል ላይ ቀና ሲል ራሷን ነቀነቀችበት። ስልኩን እስኪዘጋ ቆማ ጠበቀችው።

በሩን ዘጋችና ከፊቱ ተቀመጠች።

«የእህቴ ትከሻ» አለች።