የአራተኛው ጠረጴዛ መምህርት

ይህን ታሪክ ፈጥሬ አልጻፍኩትም። ብፈጥረው ኖሮ ራሴን እንዲህ አላዋርድም ነበር።

አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም... አፍሬም ነው።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ሞልታዋለች። ከታች ካለው ምግብ ቤት ፓፓያ የሚወቀጥበት የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል።

የምሠራው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ተማሪዎች በአስከሬን የሰው አካል በሚማሩበት ክፍል ነው። ወለል እወለውላለሁ፣ ጠረጴዛ አጥባለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ጽሑፌ ስለሚያምር በየጠረጴዛው ራስጌ የሚቀመጠውን የስም ካርድም የምጽፈው እኔ ነኝ።

እኛ ዘንድ አካሉን ለትምህርት ሰጥቶ የሞተ ሰው አስከሬን አይባልም። «ታላቅ መምህር» ነው የሚባለው። አዲስ ተማሪ አበባ ይዞ ይንበረከካል፤ ስሙንና የመጣበትን ጉዳይ ይናገራል፤ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የመምህሩ ፊት አይገለጥም።

ሥርዓቱ የሚደረገው በማግስቱ ማክሰኞ ነበር።

በሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። የመመዝገቢያ ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ቡሳባ ትባላለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጀምር ከገጠር መጥታ ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ነጭ ጋውኔን አየችና «ሲኒየር ነህ አይደል?» አለችኝ።

ጋውኑን የሰጡን አካሉ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት መድኃኒት ልብሳችንን እንዳያቃጥል ነው። ግን ነባር ተማሪ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም...

«አዎ» አልኳት።

ያቺ አንዲት ቃል ናት ሁሉን ያመጣችው።

አስከሬን አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። መንደሯ ሁሉ ተሰብስቦ በአውቶቡስ ሸኝቷታል። በመጀመሪያው ቀን ራሷን ስታ ብትወድቅ በምን ዓይኗ ትመለሳለች?

«ነገ ሰው ሁሉ ፊት ከምዘረር፣ ዛሬ አንተ ፊት ብዘረር ይሻለኛል» ብላ ሳቀች። «አንድ ጊዜ ብቻ አሳየኝ።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከፈትኩላት።

ጠረጴዛ ቁጥር አራት ጋ ቆምን።

«ይቅርታ አንጠይቅም እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«እሱ ለአዲሶች ነው። ከእኔ ጋር ነሽ።»

የፊቱን ጨርቅ ገለጥኩት።

...

አራተኛ ክፍል ያስተማረችኝ መምህርት ፕራኖም ነበረች።

ካርዱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ግን ፕራኖም የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ የአባት ስሟም በባሏ ስም ተቀይሯል። እሷ ትሆናለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

መምህርት ፕራኖም ልጅ ሲዋሽ አትመታም ነበር። አትጮህም። በጥፍሯ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች... ከዚያ መዳፏን ወደ ላይ ትዘረጋለች። የደበቅከውን ነገር እስክታስረክብ ድረስ እጇ አይታጠፍም።

ትምህርት ሳቋርጥ ሦስት ጊዜ ቤታችን መጥታለች። ሦስቱንም ጊዜ ሩዝ ጎተራው ውስጥ ተደብቄ «የለም በይ» ብዬ እናቴን አስዋሽቻታለሁ።

«ሲኒየር፣ ይሄ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ምን ይባላል?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ከራሴ ፈጥሬ ስም ነገርኳት። ቶሎ ብላ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

ጧ... ጧ... ጧ።

«ሰማህ?»

«ሙቀጫው ነው።»

«ሙቀጫው ቆሟል እኮ።»

እውነቷን ነበር። ከታች ምንም ድምፅ አልነበረም።

«ስንተኛ ዓመት ነኝ አልከኝ?»

«ሁለተኛ...»

ጧ... ጧ... ጧ።

የጠረጴዛው ብረት ላይ ነው። ከጨርቁ ሥር።

ፊቷን በጥድፊያ ሸፈንኩና ቡሳባን ገፍቼ አስወጣኋት። በሩን ከኋላችን ቆለፍኩት።

«ሲኒየር...» አለች። «ስንገባ ከጨርቁ ሥር እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ስንወጣ ግን ጎኗ ላይ ነበር።»

ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሰባት አዳዲስ ተማሪዎች አበባ ይዘው ቆመዋል። እኔ ባልዲዬንና መወልወያዬን ይዤ ጥግ ላይ ነኝ።

ክፍሉን የሚመሩት ፕሮፌሰር ቻሩኒ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ጠረጴዛ አራት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጨርቁን ያለበስኩት ተገልብጦ ኖሯል።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቅርታ ሳይጠይቅ ፊታቸውን የገለጠ ተማሪ እዚህ አይማርም» አሉ። «ማነው?»

ቡሳባ ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን አየች። ባልዲውን አየች። መልሳ ፊቴን አየች።

ያ አስተያየቷ... እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ማን ከፈተልሽ?»

«ክፍት ነበር።»

ጧ... ጧ... ጧ።

ፕሮፌሰሯ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ቡሳባ ጠበቀችኝ። መናገር እችል ነበር... አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር።

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ጨመቅሁት።

ቡሳባ አበባዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች። በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፈረች።

ያን ቀን ማታ ጠረጴዛውን ሳጸዳ የመምህርቷ ቀኝ እጅ ከጨርቁ ወጥቶ ነበር። መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ሦስት ጊዜ አጠፍኩት። ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተዘረጋ።

በዓመቱ መጨረሻ በክብር ተቃጠለች። አመዷን ይዘው ወንዝ ዳር ከሄዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛ አራት ላይ ማንም አልተኛም። አዲስ ተማሪዎች በሚመዘገቡበት ሳምንት ግን፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን...

ዛሬ ሰኞ ነው። ይህን የምጽፈው እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነው። መጻፍ ስጀምር ጠረጴዛው ይንኳኳ ነበር።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጨርቁን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ተማሪ አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ቡሳባ ጥፋት የለባትም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ማንኳኳቱ ቆመ።

የጠረጴዛውን ብረት ጠዋት አጥቤ አድርቄዋለሁ። አሁን ግን በቀኝ በኩል እርጥብ ነገር ይታየኛል። የእጅ ምልክት ነው። የመዳፍ ግን አይደለም... የእጅ ጀርባ ነው። አራቱ የጣት አንጓዎች ብረቱ ላይ በደንብ ተለይተው ይታያሉ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ የምልክቱ መሀል ላይ አስቀመጥኩት።

ቁልፉ የጠረጴዛውን ብረት አልነካም። ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል።