የት ጋ ነው የጠበበዎት?

«ማስታወቂያውን ዝም ብለሽ አጥፊው በቃ! ስታጠፊው ማን ያያል?» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ አንገቱን አስግጎ ስልኳን እያየ።

ሚጣ ግን አላጠፋችውም። የእናቷን የልብስ ስፌት ቤት ማስታወቂያ ሠርታ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈችው እሷ ናት። እጅጌው ጣቶቹን የዋጠበት ልጅ ሥዕል አለው፤ ከሥሩ «የወንድሙን ልብስ ለብሶ መሳቂያ ከሚሆን፣ እኛ ጋ አዲስ ይሰፋለት!» ይላል። የክፍሏ ልጆች በሳቅ ፍርስ ብለው «አንቺ እኮ አራዳ ነሽ» ስላሏት ደረቷን ነፍታ ሰንብታለች።

ዛሬ የመጡት አስተያየቶች ግን ሌላ ናቸው። «ያሳፍራል!» ይላል አንዱ። አንዲት የቆዩ ደንበኛ ደግሞ «ልጄ ይህን አይቶ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሏል። ከእንግዲህ ልብሳችንን ሌላ ቦታ እንወስዳለን» ብለው ጽፈዋል። ከእናቷ ደንበኞች አብዛኞቹ የትልቁን ልጅ ልብስ ለትንሹ የሚያሳጥሩ ናቸው። እነሱ ከቀሩ ቤቱ ሥራ መፍታቱ ነው። ሚጣ ፈራች።

«ቀልድ ነው፤ ካልገባችሁ ይቅርታ» ብላ ጻፈችና ከመላኳ በፊት ለእናቷ አሳየቻት።

እናቷ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል አወጣች። «እስቲ ንገሪኝ፤ የሰፋሁትን ቀሚስ ጠበበኝ ብለው ሲመልሱልኝ ‹እርስዎ ነዎት የወፈሩት› እላለሁ?»

«ጉድሽ ይፈላል!»

«ታዲያ ምን እላለሁ?»

«‹የት ጋ ነው የጠበበዎት?› ነዋ የምትዪው።»

«እህ! ሳልጠይቅ መቀስ አላነሳም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነገሩ ሚጣን ከነከናት። እውነትም ሴትዮዋን ያስቆጣቸው የቱ ይሆን? ሥዕሉ? ጽሑፉ? ወይስ እሷ ጭራሽ ያላየችው ነገር አለ? ማወቅ መፈለጓ ከፍርሃቷ በለጠና ስልካቸውን ከእናቷ የደንበኞች ደብተር ፈልጋ ደወለች።

«እትዬ፣ የስፌት ቤቷ ልጅ ነኝ። ልከራከርዎ አይደለም። ልጅዎን ያስከፋው የቱ እንደሆነ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ ነገሯት። «‹መሳቂያ› የምትለዋ ናት። የታላቁን ጃኬት የወረሰ ቀን እኮ ‹እኔም ትልቅ ሆንኩ› ብሎ አቅፎት ነው የተኛው። እንደሚያሳፍር የሰማው ከእናንተ ነው።»

ሚጣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም።

«ልጁ አጠገብዎ አለ?» ብላ ጠየቀች።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማት። «ሄሎ» አለ ቀጭን ድምፅ።

«ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለ ልጁ፤ ቁጣ የለበትም፣ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው።

ሚጣ ብዙ ሰበብ አሰበች። «ጓደኞቼን ላስቃቸው ብዬ» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«እሺ» ብሎ ስልኩን ለእናቱ መለሰ።

ሚጣ ሥዕሉን ከነጽሑፉ ከማስታወቂያው ላይ አነሳች። ቅድም የጻፈችውን ምላሽ ሰርዛ፣ በቦታው ለልጁ ያለችውን ያንኑ ቃል በቃል ጻፈችው።

«አብደሻል? የክፍልሽ ልጆች ያዩታል እኮ!» አለ ወንድሟ።

«ይዩት» አለችና ላከችው።