በሳፎር ደጅ የተጠራው ስም

የዘርማ መንግሥት ሰባቱ ምንጮች በአንድ ማለዳ ደረቁ። የንጉሡ ባለቀንድ ዓሦች ጭቃ ላይ ሲንፈራገጡ ያየ ሁሉ ደረቱን መታ። ንጉሥ አግናጥስም ዘውዳቸውን አውልቀው ከምንጩ ዳር ተቀመጡ።

«በአባቶቻችን አገር በሳፎር፣ ውኃ የሚጠራ እንስራ አለ ይባላል። ጨረቃ ሳትሞላ ካልመጣልኝ ይህን ሕዝብ ወዴት እወስደዋለሁ? ማን ይሄድልኛል?»

አዝመራ ተነሣች። ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። «ንጉሥ ሆይ፣ ሰማይ ይስማኝ፤ እንስራውን ሳልይዝ የዘርማን ደጅ አልረግጥም» ብላ ማለች።

ወዲያው መምህር ድርሳን ከጎኗ ቆሙ። ወላጆቿ በሞቱባት ጊዜ በአንቀልባ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የሳፎር ነገር ከተነሣ ምሳቸውን የሚረሱ ሊቅ ነበሩ፤ የጥንቱን ጽሕፈት ከእሳቸው በቀር የሚያነብ አልነበረም። ሦስተኛው መንገደኛ የጦር አለቃው ደፈርሻ ነው፤ ጀግንነቱ አይታማም፣ ፉከራው ግን ከጦሩ ይረዝማል።

በክንፋም በቅሎዎች የጨው ምድረ በዳውን አቋርጠው በአሥራ አንደኛው ቀን ከሳፎር ፍርስራሽ ደረሱ። መምህሩ በየግንቡ ሥር ይቆማሉ። «ልጄ፣ ደረጃውን እዪው። ሽማግሌ እንዳይደክም ብለው ከስንዝር በላይ አያስረዝሙትም ነበር። እንዴት ያሉ ሰዎች ነበሩ!»

«የኔታ፣ በዚህ አያያዝዎ እንስራውን የልጅ ልጆቼ ናቸው የሚያመጡት» አለች። ሳቁና ተከተሏት።

በታላቁ ደጅ ላይ ጠባቂው ሐመልዝ ተጋድሟል፤ ገላው የአንበሳ፣ ክንፉ የንስር ነው። በዙሪያው አፋቸውን እንደከፈቱ ድንጋይ የሆኑ ጀግኖች ቆመዋል። «የማን ናችሁ?» ሲል ጠየቀ።

ደፈርሻ ምን ቸገረው፤ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ደፈርሻ፣ የሺህ ጦር ሰባሪ» ብሎ ገና ሲጀምር እስከ ወገቡ ድንጋይ ሆነ። ሌላው የፉከራ ቃል ጉሮሮው ውስጥ ቀረ።

አዝመራ ወደ መምህሯ ዞረች። «በሳፎር እንግዳ በራሱ ስም አይገባም» አሉ ቀስ ብለው። «ያጎረሰውን፣ ያሳደገውን ሰው ይጠራል። ያ ነው ወጉ።»

ይህማ ለአዝመራ ቀላል ነው። «እኔ በመምህር ድርሳን እጅ የጎረስኩ ነኝ» አለች ኮራ ብላ።

ደጁ ተከፈተ፤ የደፈርሻም እግር ተፈታ። ሐመልዝ እንስራውን አምጥቶ በእጇ አስቀመጠ። ከዚያ ክንፉን በመምህሩ ፊት ዘረጋ።

«ስሙ የተጠራው ዋስ ነው። እንስራው እስኪመለስ እዚህ ይቀመጣል። እንስራው ደግሞ ምንጭ ላይ ካልተሰበረ ውኃ አይጠራም።»

አዝመራ እንስራውን መልሳ ዘረጋችለት። «እንግዲያው እንስራህን ውሰድ» አለች።

«ልጄ፣ የማልሽው መሐላስ?» አሉ መምህሩ።

«ያውቁ ነበር?»

«ከአርባ ዓመት በፊት አንብቤዋለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ስሜን ትጠሪው ነበር?»

እንደ ሕፃንነቷ ዘመን ፊቷን ደረታቸው ውስጥ ቀበረች። እሳቸው ፀጉሯን እየደባበሱ «ዕድሜዬን በሙሉ የዚህን አገር ነገር ግንብ ስጠይቅ ኖሬ፣ ዛሬ መላሽ አገኘሁ» አሉ ሐመልዝን እያሳዩ። «ግን አልዋሽሽም፤ በጣም ትናፍቂኛለሽ። በይ ሂጂ፣ ሕዝቡ ተጠምቷል።»

በመመለሻው መንገድ ደፈርሻ አንድም ቀን አልፎከረም። እንስራውን በተራ አቀፉት።

ጨረቃ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት ዘርማ ገቡ። ነገሩን የሰሙት ንጉሥ እንባቸውን እየጠረጉ «ስጪኝ ልጄ፤ ይህን በአንቺ እጅ አላስደርገውም፣ እኔ ልስበረው» አሉ።

አዝመራ ራሷን ነቀነቀች። «ስማቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች። እንስራውን ከራሷ በላይ አንሥታ በደረቀው ምንጭ ድንጋይ ላይ ጣለችው።

ውኃው እያጉረመረመ ወጣ፤ ሕዝቡ እልል እያለ ወደ ምንጩ ወረደ። አዝመራ ግን ስባሪውን በጉያዋ ሰብስባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች፣ አንድም ሰው ዝም በይ አላላትም።