የአባቴ ቮልስ ፍሬን

እኔ በመንፈስ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ድመቷ ባዶ ግድግዳ ላይ ስታፈጥ «ምን ታይቷት ነው?» የምትለው እናቴ ላይ እየሳቅኩ ነው ያደግኩት። ይህን የማወራችሁም አምኜበት ሳይሆን ስለደረሰብኝ ነው።

አባቴ ከታመመ ሰባት ወሩ ነበር፣ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቱም ተይዟል። አንድ እሁድ ከሰዓት እናቴ «ኧረ እባክህ ሐይቁን እንኳ አሳየው፣ ይሄ ሰው ታፍኖ ሊሞትብኝ ነው» አለችኝ። እሱ ደግሞ ከገዛ ቮልሱ በቀር ሌላ መኪና ውስጥ አይገባም፣ አርባ ዓመት ነድቷታል። የፊት ኮፈኗን ብከፍት የፍሬን ዘይቷ ጎድሏል። ዕቃ ቤት ያገኘሁት ምንም ያልተጻፈባቸው ሁለት ጠርሙሶች ነው፣ ሁለቱም ቢጫ፣ የቱ የፍሬን የቱ የሞተር ዘይት እንደሆነ የሚያውቀው አባቴ ብቻ። ሱቁ ዝግ ነው፣ መካኒኩ ስልክ አያነሳም። የሞተር ዘይት ከገባባት የፍሬኑን ጎሚኒዎች፣ ዘይቱን የሚይዙትን ትንንሽ ጎማዎች፣ አሳብጦ መሀል መንገድ ላይ ፍሬን እንደሚያሳጣን ግን አውቃለሁ። ሁለቱንም ወስጄ «አባዬ፣ የትኛው ነው? በዓይንህ ብቻ አሳየኝ» ብለው እያፈራረቀ አያቸውና እንባው ወረደ። «ተወው፣ ትንሽ ይተኛ» አለች እናቴ።

እንቅልፍ ሲወስደው ወጣሁ። የግራውን ጠርሙስ አንስቼ ክዳኑን ስይዘው ከኮፈኑ ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ብረት በፀሐይ ሲግል ይንቋቋል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፣ አስተማሪ አይደለሁ! ጠርሙሱን አስቀመጥኩ፣ ዝም። አነሳሁ፣ ቋ፣ ቋ። የቀኙን ባነሳ ጭጭ። እየሳቅኩም እየፈራሁም የቀኙን ሞላሁ። (ሰኞ መካኒኩ የግራውን አሽትቶ «ይሄማ የሞተር ነው፣ እግዜር ነው ያተረፋችሁ» አለኝ።)

ግቢ ውስጥ ፍሬኑን ደጋግሜ ከሞከርኩ በኋላ አባቴን ተሸክሜ ጋቢና አጠገቤ አስቀመጥኩት፣ እናቴ ከኋላ ሆነች። ወደ ሐይቅ ዳር ስንወርድ ልጆች የጫነ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ገብቶ ቆመ። እኔ ገና ሳልረግጥ፣ ይኼን እምላለሁ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሸሽቶ ወረደና መኪናዋ ቀጥ አለች። ዞር ብዬ ሳየው አባቴ ግንባሩን ላብ አጥምቆት፣ ረጋ ብሎ ውሃውን ያያል።

ማታ እናቴ ካልሲውን ስታወልቅለት ጠራችኝ። በማይንቀሳቀሰው ቀኝ እግሩ መርገጫ ላይ የፔዳሉ ጎማ መስመሮች ቁልጭ ብለው ታትመዋል። «ጫማው ይሆናል» አልኳት፤ ጫማ እንዳላደረግንለት ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እግሩን ሳምኩት። «አባዬ፣ እኔ እነዳለሁ፣ አንተ እረፍ» አልኩት፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

ምልክቱ በማግስቱ ጠፋ። እኔ ግን እስካሁን እግሬን ፍሬኑ ላይ ሳሳርፍ ትንሽ ጠጋ አደርገዋለሁ፣ ቦታው ለሁለታችን እንዲበቃ።